ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ወዳጆቼ ሆይ፣ አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ሠርታችሁ ያስረከባችሁትን ሥራ ባለቤቱ መርምሮ ማየት የማይችል ቢሆን፣ ታማኝነታችሁን የሚመዝነው ማን ነው?

አናጺ በር ሲሠራ ባለቤቱ በሩን ገፋ መለስ አድርጎ ያየዋል፤ ከጠመመ ያውቃል። ልብስ ሰፊ እጀታ ቢያሳጥር ለባሹ ገና ሲለካው ይነግረዋል። እንጀራ የምትሸጥ ሴት ዓይን ያላወጣ እንጀራ ይዛ ገበያ ብትወጣ ገዢዋ ገልጣ አይታ ታልፋታለች። እኔ የምተዳደርበት ሥራ ግን እንዲህ አይደለም።

እኔ ለነጋዴዎችና ለድርጅቶች ድረ ገጽ እሠራለሁ። መሥሪያ ቤት የለኝም፤ አለቃም የለኝም። ደንበኛ ይደውላል፤ አንድ ካፌ ውስጥ ተገናኝተን ማኪያቶ እየጠጣን እንነጋገራለን፤ ዋጋ እንቆርጣለን፤ ቀብድ ይከፈለኛል፤ ቤቴ ገብቼ እሠራለሁ። ደንበኛው የሚያየው ስልኩ ላይ የሚከፈተውን ገጽ ብቻ ነው። ቀለሙን፣ ፎቶውን፣ ስሙ በትክክል መጻፉን ያያል። ከዚያ ጀርባ ያለውን አያይም። ኮዱ ንጹሕ ይሁን የተጣጣፈ፣ ቴሙ የተገዛ ይሁን የተሰረቀ፣ ባክአፕ ይኑር አይኑር፣ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ አያውቅም። ቢነገረውም ብዙ ጊዜ አይገባውም። ስለዚህ ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ ያምነኛል።

ይህን የምጽፈው ያመኑኝን አንዲት እናት ስለበደልኩ ነው።

ድረ ገጹ ታመመብን መሰለኝ

እትዬ ብዬ ነው የምጠራቸው፤ ስማቸው ይቆየን። አዲስ አበባ ውስጥ ዘጠኝ ክፍል ያለው አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም መጋቢት ወር ላይ ድረ ገጽ እንድሠራላቸው በ45,000 ብር ተስማማን፤ ግማሹን በቅድሚያ ከፈሉኝ። ውል አልጻፍንም። ያገናኘን የቤተ ክርስቲያን ወንድም ስለነበረ፣ መጻፉ አለመተማመን መሰለን።

የድረ ገጹን ስም፣ ማለትም ዶሜይኑን፣ ሳስመዘግብ ቅጹ የባለቤቱን ስምና ኢሜይል ጠየቀኝ። መጻፍ የነበረብኝ የእትዬን ስም ነው። እሳቸው ግን ኢሜይል አልነበራቸውም፤ ሄዶ መክፈትና ማስረዳት ደግሞ ግማሽ ቀን ሊወስድብኝ ነው። የራሴን ስም ጻፍኩ። በዚያች ሰዓት ተንኮል አላሰብኩም፤ ስንፍና ብቻ ነበር። በኋላ እንዳየሁት ግን ዛሬ በስንፍና የተተወ በር ነገ ለተንኮል መግቢያ ይሆናል።

ሥራው ግንቦት ላይ አለቀ። ቀሪው 22,500 ብር ግን ሰኔም ሐምሌም አልመጣም። ክረምቱ ሲገባ የሁለት ክፍሎች ጣራ ማፍሰስ ጀምሮባቸው ነበር። «ልጄ፣ ትንሽ ታገሠኝ» አሉኝ። ታገሥኩ። እኔም ግን የቤት ኪራይ ነበረብኝ። ነሐሴ ላይ አንድ ሐሙስ ማታ፣ አከራዬ በሬን አንኳኩተው አፍረውም አስፈራርተውም ከሄዱ በኋላ፣ ላፕቶፔን ከፈትኩና የእትዬን ድረ ገጽ ዘጋሁት። በቦታው «ድረ ገጹ በጥገና ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ አስቀመጥኩ። ጥገና የሚባል ነገር አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ደወሉ። «ልጄ፣ ድረ ገጹ ታመመብን መሰለኝ» አሉኝ። ስለ ድረ ገጽ እንደ ልጅ ወይም እንደ ላም ሲያወሩ ስሰማ ሌላ ጊዜ እስቅ ነበር። «እስቲ ልየው» አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ መልሼ ደወልኩና «ሰርቨሩ ክፍያ ይፈልጋል፤ ያ ቀሪ ገንዘብ ቢገባ ይስተካከላል» አልኳቸው። ይህ ሁለተኛው ውሸት ነበር።

ሰኞ ገንዘቡ ባንክ ገባ። ድረ ገጹን መልሼ ለመክፈት የፈጀብኝ አራት ደቂቃ ነው። ማታ እትዬ ደወሉና መረቁኝ። «እጅህ ይባረክ ልጄ፤ እንቅልፍህን አጥተህ አስተካከልክልን» አሉኝ።

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ። እንደዚያ ምርቃት ያቆሰለኝ ስድብ ግን አላስታውስም።

ዕዳው እኮ እውነተኛ ነበር

ነገሩን ለአንድ የሙያ ጓደኛዬ አጫወትኩት። ሳቀብኝ። «ምን አጠፋህ? የሰው ገንዘብ አልወሰድክ! የላብህን ነው የተቀበልከው» አለኝ። ይህን መልስ በቀላሉ አትለፉት፤ እኔም ወራት ሙሉ ተደብቄበት ነበርና። ዕዳው እውነተኛ ነበር። እትዬ ቃላቸውን አዘግይተዋል። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» የሚለው ተረት ለድረ ገጽ ሠሪውም ለአሠሪዋም እኩል ይሠራል። ሠራተኛ ደመወዙ ሲዘገይበት የሚደርስበትን ችግር ቅዱሳት መጻሕፍትም አጥብቀው ይናገሩበታል። ታዲያ ጥፋቴ የቱ ላይ ነው?

መብራትም እኮ ካልተከፈለ ይቆረጣል። ውኃም እንዲሁ። ቆራጩን ኃጢአተኛ የሚለው የለም። ታዲያ እኔ የቆረጥኩት በምን ይለያል? ብዙ ካወጣሁ ካወረድኩ በኋላ ሁለት ልዩነት አገኘሁ። አንደኛ፣ መብራት ሊቆረጥ እንደሚችል ሁሉም ሰው አስቀድሞ ያውቃል፤ ቀኑም ይነገራል። እትዬ ግን ድረ ገጻቸውን ልዘጋ እንደምችል አያውቁም ነበር። የራሳቸው ቤት ነው ብለው በሚያስቡት ቤት ውስጥ ቁልፉ ያለው በእኔ ኪስ ነበር። ሁለተኛ፣ መብራት ቆራጩ «ያልከፈላችሁ ስለሆነ ቆረጥኩ» ይላል። እኔ ግን ዘግቼ ስታበቃ «ታመመ» አልኩ።

ከዚህ አንድ መመዘኛ አወጣሁ፤ ለእናንተም ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ። በደንበኛችሁ ላይ አንድ ነገር ልታደርጉ ስታስቡ፣ ምክንያቱን ጮክ ብላችሁ ፊት ለፊት ልትነግሩት ትችሉ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። «እትዬ፣ ገንዘቤን ስላልሰጡኝ ድረ ገጽዎን ዘግቼዋለሁ» ማለት እችል ነበርን? አልችልም ነበር። ብል ኖሮ «እንዴት? ያንተ ነው እንዴ?» ይሉኝ ነበር፤ ለዚያ ጥያቄ መልስ የለኝም። መብቴን ለማስከበር ውሸት ካስፈለገኝ፣ የተጠቀምኩበት ነገር መብቴ አልነበረም ማለት ነው። ገንዘቡ መብቴ ነበር። ገንዘቡን ያገኘሁበት እጅ ግን የእትዬ አለማወቅ ነው።

አባቶቻችን «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይላሉ። ይህን ተረት ስንሰማ የምንስቀው በሞኙ ነው። ስለ ቆራጩ ግን ምን እንላለን? ሞፈሩን ቆርጦ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰውዬ ማታ ለጸሎት ሲንበረከክ መጥረቢያውን የት ያስቀምጠዋል?

ገንዘብ ቆጣሪ እናት በሌለችበት

አማኑኤል ካንት የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ አንድ ባለሱቅ ያነሣል። ይህ ባለሱቅ ዋጋ የማያውቅ ገዢ ሲመጣበት አያስወድድም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ቢላክ በሌላው ሰው ዋጋ ገዝቶ ይመለሳል። ካንት የሚጠይቀው ይህ ነው፦ ባለሱቁ እንዲህ የሚያደርገው ትክክል ስለሆነ ነው ወይስ ስለሚያዋጣው? ሱቁ ታማኝ ነው ሲባል ገበያው ይደራለታልና። ሥራው በሁለቱም መንገድ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል፤ የሥራው ልብ ግን አንድ አይደለም።

ስለ ሥራ በተሰጡ ብዙ ሥልጠናዎች፣ አንዳንዴም በወጣቶች ጉባኤዎቻችን፣ «ታማኝ ሁኑ፤ ታማኝነት ያዋጣል» ሲባል ሰምታችኋል። በባለሱቁ ሰፈር ይህ እውነት ነው። ልጁ ቤት ሲመለስ እናቱ መልሱን ትቆጥራለችና። በእኔ ሥራ ግን መልሱን የምትቆጥር እናት የለችም። ጥቂት ምሳሌ ልስጣችሁ።

አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት ከስሙ አጠገብ የቁልፍ ምልክት ታዩ ይሆናል። ይህ በእናንተና በድረ ገጹ መካከል የሚያልፈው መረጃ መመስጠሩን የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ይህን ሰርተፊኬት ለማንም በነፃ ይሰጣል፤ ሲያልቅም በራሱ እንዲታደስ ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን በየዓመቱ «የደኅንነት ሰርተፊኬት ማሳደሻ» እያለ ደንበኛውን ብዙ ሺህ ብር የሚያስከፍል ሰው አይቻለሁ። ደንበኛው ያምናል። «ደኅንነት» የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራዋል።

ዎርድፕሬስ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ድረ ገጽ መሥሪያ ነው፤ ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠሩት በእርሱ ነው። ማንም በነፃ አውርዶ ሊጠቀምበት፣ ሊለውጠው፣ ለሌላም ሊሰጠው ይችላል። በእርሱ ሠርቶ ገንዘብ መቀበል ምንም ነውር የለበትም፤ እኔም የምኖረው በዚያ ነው። «ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ እኔ ነኝ የጻፍኩት» ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲሁም በገንዘብ የሚሸጡ ቴሞችን የተሰረቀ ቅጂ ከየትም አውርዶ የሚገጥም አለ። በእንዲህ ያለ ቅጂ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሌባ የሚያስገባ የተደበቀ ኮድ ይኖራል። ድረ ገጹ ከዓመት በኋላ ሲጠለፍ ደንበኛው ለጥገና የሚጠራው ያንኑ ሰው ነው፤ ለጥገናውም ይከፍለዋል።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ደንበኛው ሳያውቅ ይኖራል፣ ሳያውቅ ያመሰግናል። እንግዲህ «ታማኝነት ያዋጣል» የሚለው ምክር ብቻ ከሆነ የያዘን፣ ማታለሉ በሚያዋጣበትና ማንም በማያውቅበት ቦታ ምክሩ ያልቃል። የእኔ የሥራ ቀን ደግሞ ከሞላ ጎደል ሙሉው በዚያ ቦታ ነው የሚውለው።

ነገሩ አንድ ሰው ላይ አይቆምም። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ዝነኛ ጥናት ጻፈ፤ በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ይህ ሥራ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስለማይችል ሁሉንም በጥርጣሬ ዋጋ ይገዛል። በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው መሸጡን ይተዋል። በመጨረሻ ገበያው ለመጥፎዎቹ ይቀራል። እኛም ዘንድ የሆነው ይኸው ነው። አንዴ የተታለለ ነጋዴ ቀጣዩን ልጅ ገና ሲያየው «እናንተ እኮ…» ብሎ ይጀምራል። አንድ ሰው የበላውን እምነት ከኋላ የሚመጡት ሁሉ ይከፍሉታል።

የሚያየው ማንን ነው?

«ደንበኛው ባያይም እግዚአብሔር ያያል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ለራሴ እንዲሁ ብያለሁ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን እውነት የያዝኩበት መንገድ ለብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነበር። እግዚአብሔርን በጣራ ጥግ ላይ እንደተሰቀለ ካሜራ አድርጌ አስበው ነበር። ካሜራ ያለበት ሱቅ ውስጥ ሌባ አይሰርቅም፤ ሌባ መሆኑ ግን አልቀረም። በፍርሃት ብቻ ታማኝ የሆነ ሰው ያው የካንት ባለሱቅ ነው፤ ትርፉንና ኪሳራውን የሚያሰላበት ደብተር ብቻ ወደ ሰማይ ከፍ አለ።

አሳቤን የቀየረው የአጋር ታሪክ ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 16 እግዚአብሔርን «የሚያይ» ብላ የጠራችው ይህች ግብፃዊት አገልጋይ ናት። ማን እንደነበረች አስቡ። በእመቤቷ ቤት ስለ ራሷ የማትወስን፣ ተጨንቃ ወደ ምድረ በዳ የሸሸች፣ በውኃ ምንጭ አጠገብ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ናት። እግዚአብሔር ማየቱ ለእርሷ ማስፈራሪያ አልነበረም። ማንም ያላያትን እርሷን አያት።

ይህን ሳነብ ስሕተቴ ገባኝ። «እግዚአብሔር ያያል» ስል የማስበው እኔን ሲያየኝ ነበር፤ እንደ ተቆጣጣሪ። እርሱ ግን በዚያ ሐሙስ ማታ ከእኔ ይልቅ እትዬን ያይ ነበር። ጣራቸው የሚያፈስባቸውን፣ ኢሜይል የሌላቸውን፣ በማያውቁት ነገር ሁሉ በሌላ ሰው እጅ የወደቁትን እናት ያይ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄዬ ተለወጠ። «ያዘኝ ይሆን?» ማለቴን ተውኩና «እርሱ የሚያያትን እኔስ አይቻታለሁ ወይ?» ማለት ጀመርኩ። ሊደረግልህ የምትወደውን ለሌላው አድርግ የሚለው የጌታ ትእዛዝም በዚህ ሥራ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ተገለጠልኝ። የማላውቀው ነገር እኔም ብዙ ነው። ሐኪም ቤት ስሄድ፣ መኪና ሳሠራ፣ መሬት አስተዳደር ቢሮ ስገባ እኔም እትዬ ነኝ። እዚያ እንዲደረግልኝ የምፈልገውን እዚህ ማድረግ ነው የቀረኝ።

ስንት ልላክልህ?

መጋቢት 2015 ላይ እትዬ ደወሉ። «ልጄ፣ ዓመቱ ደረሰ አይደል? ለስሙ ማሳደሻ ስንት ልላክልህ?» አሉኝ። ዶሜይን የሚገዛ ሳይሆን እንደ ኪራይ የሚታደስ ነገር ነው፤ ይህን ነግሬያቸው ነበር። ዋጋውን ግን አያውቁም። የፈለግኩትን ቁጥር መጥራት እችል ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። «መጥቼ ላናግርዎት» አልኳቸው።

ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በነሐሴ ድረ ገጹ እንዳልታመመ፣ እኔ እንደዘጋሁት፣ ሰርቨሩ ክፍያ እንዳልጠየቀ ነገርኳቸው። እትዬ ሲኒውን በእጃቸው እያዞሩ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ገንዘቡማ ዕዳዬ ነበር» አሉ። «ያን ጊዜ የዕቁቡን ዳኛ ለምኜ ተራዬን አስቀድሜ ነው ያመጣሁት። ለጣራው ነበር ያሰብኩት፤ ጣራው መስከረም እስኪጠባ ሲያፈስ ቆየ። እርሱም ይሁን። ግን እኮ መርቄህ ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። ዘኬዎስ የበደላቸውን ሰዎች አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። እኔ የምመልሰው ገንዘብ አልነበረም፤ ገንዘቡ የእኔ ነበርና። የወሰድኩባቸው ሌላ ነገር ነው፤ ማወቅ የሚገባቸውን ነገርና ያንን ምርቃት።

ቀጥለው «ሌላስ ያልነገርከኝ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ዶሜይኑ በስሜ መሆኑን ነገርኳቸው። እዚያው ተቀምጠን ኢሜይል ከፈትንላቸው፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ከዓመት በፊት ለመቆጠብ ብዬ ሰው የጎዳሁባት ጊዜ ይህች ናት። ዶሜይኑን ወደ ስማቸው አዛወርኩ፤ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ በወረቀት ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አጥፈው ከቤታቸው ካርታ ጋር በአንድ ኤንቨሎፕ አስቀመጡት።

ታሪኩ በዚህ አበቃ ብዬ፣ ከዚያ ወዲህ በረከት ፈሰሰልኝ ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልሆነም። እትዬ ይቅር ብለውኛል፤ በዓል ሲሆን እንደዋወላለን። ሥራውን ግን ለወንድማቸው ልጅ ሰጡት። ትክክል ናቸው፤ ቁልፉ በእጃቸው ሲሆን የፈለጉትን የመምረጥ መብታቸውም አብሮ ተመለሰ። እውነቱን መናገር አላዋጣኝም። ይህን የምነግራችሁ ታማኝነትን ለትርፍ የምትይዙት ከሆነ፣ የማያዋጣበት ቀን ሲመጣ እንዳትጥሉት ነው።

በሥራ ቀን ምን ይመስላል?

ስለ ዓላማው ከተስማማን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ዛሬ ውል እጽፋለሁ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። በወንድማማች መካከል ውል መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ሁለቱም ነገ ሊረሱት የሚችሉትን ዛሬ አብረው ማስታወስ ነው። ክፍያውን በሦስት እከፍለዋለሁ። የመጨረሻው ክፍያ እስኪገባ ድረስ ድረ ገጹ በሙከራ አድራሻ ላይ ይቆያል፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት እናገራለሁ። አያችሁ፣ ለራሴ መያዣ አላጣሁም። ሁለታችንም የምናውቀው መያዣ ሆነ እንጂ። ዶሜይኑ ከመጀመሪያው ሰዓት በደንበኛው ስም ይመዘገባል። በርክክብ ቀን የትኛው ነገር በነፃ እንደተገኘ፣ የትኛው እንደተገዛ፣ መቼ እንደሚታደስ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት እሰጣለሁ።

አንድ ሌላ ጥያቄ ብዙ ወጣቶች ይጠይቁኛል። ደንበኛው ሦስት ቀን ይፈጃል ብሎ ያሰበውን ሥራ በአርባ ደቂቃ ብጨርሰው የሦስት ቀን ዋጋ መቀበል ኃጢአት ነው ወይ? እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ዋጋው ለሥራው ከተቆረጠ ተቀበሉት፤ አርባ ደቂቃዋ የዓመታት ትምህርት ያለባት ናትና። በሰዓት ከተስማማችሁ ግን አርባ ደቂቃ አርባ ደቂቃ ናት። ዕውቀትን መሸጥ አንድ ነገር ነው፤ ያልሠሩትን ሰዓት መሸጥ ሌላ ነው። ጨርሳችሁ ስታበቁ ሦስት ቀን ሙሉ «እየሠራሁ ነው» ማለት ግን በየትኛውም ስምምነት ውሸት ነው።

አሠሪዎች ለሆናችሁም፣ ነገም ለምትሆኑ አንድ ቃል አለኝ። «ትንሽ ነገር ናት፣ ጨምርልኝ» የምትሏት ነገር ለሠሪው የሁለት ሌሊት ሥራ ልትሆን ትችላለች፤ ትንሽ መሆኗን የሚያውቀው እርሱ ነውና ጠይቁት። «ለልምድ ይሆንሃል» ብላችሁ የምታስቀሩት ገንዘብ የአንድ ሰው የቤት ኪራይ ነው። እኛ አማኞች ዘንድ ደግሞ «ለጌታ ሥራ እኮ ነው» የሚባል አለ። ለጌታ በነፃ መሥራት ክብር ነው፤ እኔም ሠርቻለሁ። ስጦታ ግን ከሰጪው ልብ ይወጣል እንጂ ከተቀባዩ አፍ አይታዘዝም። ስጦታ ከሆነ ከመጀመሪያው ስጦታ ይባል፤ ሥራ ከሆነ ዋጋው ይነገር። ሁለቱን ያደባለቅን ጊዜ ሠሪው እያጉረመረመ ይሰጣል፤ አሠሪውም ሳያፍር ይወስዳል። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ሲሰፋ የድንኳን ዋጋ መጠየቁ አገልግሎቱን አላሳነሰበትም።

ወዳጆቼ፣ ሁላችሁም ድረ ገጽ አትሠሩ ይሆናል። ነገር ግን እያንዳንዳችሁ አንድ ሰው በማያውቀው ነገር የታመነባችሁ ናችሁ፤ ወይም ነገ ትሆናላችሁ። ነርስ ስትሆኑ በሽተኛው የመድኃኒቱን ስም አያነብም። የሒሳብ ሠራተኛ ስትሆኑ ባለሱቁ የግብሩን ቅጽ አይረዳም። መምህር ስትሆኑ ወላጅ ፈተናውን አያርምም። በዚያን ቀን በኪሳችሁ ውስጥ የማን ቁልፍ እንዳለ እጃችሁን ሰድዳችሁ ፈትሹ።

እኔ በዚህ ሳምንት የድሮ ደንበኞቼን ዝርዝር አውጥቼ አየሁ። በስሜ የቀሩ አራት ዶሜይኖች አሉ። ሁለቱ ባለቤቶች ስልካቸውን ቀይረዋል፤ እየፈለግኳቸው ነው።